ዶክተሩ እሷን ጠየቀ፣ እኔ መለስኩ

ጥያቄው

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አራት ጓደኛሞች ነን። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተጣበን ተቀምጠን ነው የተዋወቅነው። ዛሬ ሁላችንም አርባን ልንደፍን ነው። አንዷ ባልትና ሱቅ አላት። በሶዋንና ሽሮዋን አዲስ አበባ ድረስ የሚያስልኩ ደንበኞች አሏት። ጥቅምት ላይ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታክል ነገር ዳሰሰች። አያምም። ስለማያምም ዝም አለችው። ለእኛ የነገረችን ለጥምቀት ነው፣ ያውም እየሳቀች፣ በጨዋታ መሃል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ላሳጥረው። አልትራሳውንድ ታየች። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ቆየ። የጡት ካንሰር ነው፣ እብጠቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው ተባለ። ሪፈር ተጻፈላትና አዲስ አበባ ወረድን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ረጋ ብሎ አስረዳን። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጡቱን በሙሉ ማንሳት ነው። ሁለተኛው እብጠቱን ከዙሪያው ትንሽ ጨምሮ አውጥቶ ጡቱን ማትረፍና ከዚያ ጨረር መስጠት ነው። ጨረሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው፣ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይፈጃል። በሁለቱም መንገድ ከብብት ሥር ንፍፊት የሚባለው ዕጢ ይወጣል። በሁለቱም ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሊኖር ይችላል። በሕይወት በመቆየት በኩል አንዱ ከአንዱ አይበልጥም አለ። ይህን ሁሉ ከነገረን በኋላ ወደ እሷ ዞረና የትኛው ይሻልሻል አላት።

እኔ መለስኩ።

በሙሉ ይነሳላት አልኩ። በዚያ ላይ ጨመርኩበት፦ በየቀኑ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር መመላለስ አንችልም፣ ሱቁም ይዘጋል፣ አንዴ ተነስቶ ይለቅ። እሷ ወለሉን ታያለች። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሁለት ሳምንት አስቢበትና ተመለሽ አላት። "አስቢበት" ሲል እኔን አላየኝም።

ላምበረት ሚኒባስ ተሳፈርን። ሰንዳፋ አለፈ፣ አሌልቱ አለፈ፣ ትንፍሽ አላለችም። ሸኖ ስንደርስ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና "ጡቱ የማን ነው?" አለችኝ። ጫጫ እስክንደርስ መልስ አጣሁ።

አሁን እናቷ ቅድሚያ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ትግባ ይላሉ። ወንድሟ ከእንግዲህ ውጤት ሲመጣ እሷ እንዳትደነግጥ ለእኔ ብቻ ይነገረኝ ይላል። እኛ ሦስታችንም አንስማማም። አንዷ ጡቷ ይትረፍ ባይ ናት። አንዷ ምንም አትልም፣ ቡና ታፈላለች።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጓደኛ እስከ የት ድረስ ነው የሚናገረው? ዝም ማለትም እኮ መጣል ይመስላል።

መልሶቹ

በዘጠኝ ቀን 38 መልስ መጣ። ከመሃል እየገቡ ምን ተባለ የሚሉ ስለበዙ በራሴ አፍ ላሰባስበው። ቁጥሩ የመልሱ ተራ ቁጥር ነው። ስድቡን ትቼዋለሁ፣ ብዙም አልነበረም።

ከ1 እስከ 3 ያሉት እግዜር ይማራት ብለዋል። አሜን። 3ኛው በጸሎት እንዲያስባት የክርስትና ስሟን ጠየቀኝ። በግል ላኩለት።

4ኛዋ ከሸዋ ሮቢት ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ለእሷም ሁለቱ መንገድ ቀርቦላት በሙሉ ይነሳ ብላለች። አዲስ አበባ ዘመድ የላትም። ሳምንታት ሙሉ ጨረር ስትመላለስ የት ልታድር? ልጆቿን ማን ሊይዝላት? ምክንያቷ የእኔው ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። እኔ ሐኪሙ ፊት የተናገርኩትን ስታነብ ግን ደሟ እንደፈላ አልደበቀችም። እሷን እስከ ዛሬ ያቆማት የመረጠችው ራሷ መሆኗ ነው። አማቷ መርጠውላት ቢሆን ኖሮ ልብሷን ባወለቀች ቁጥር አማቷን ስትረግም ትኖር ነበር። ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን ነገረችን፣ እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩላት እሱን ነው። መጀመሪያ ጡት መያዣዋ ውስጥ ጥጥ ትከት ነበር። ጥጥ ቀላል ስለሆነ ሽቅብ እየወጣ አንገቷ ሥር ይገኛል። በኋላ ከስስ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፋችና ተልባ ሞላችበት። ተልባ ይከብዳል፣ ስትንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ የሰውነት ሙቀትም ይይዛል። አገሩ ሙቀት ነውና በየሁለት ሳምንቱ ተልባውን ትቀይረዋለች። የተቀየረውን ምን እንደምታደርገው አልጻፈችም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

5ኛዋ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለች ነርስ ናት። ጽሑፌን እንደ ፈተና ወረቀት አረመችው። የመጀመሪያው ስህተቴ በሙሉ ከተነሳ ጨረር ቀረ ማለቴ ነው። ካንሰሩ ብብት ሥር ካሉት ዕጢዎች ደርሶ ከተገኘ ጡቱ ተነስቶም ጨረር ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ተነስቶ ይለቅ የሚባል ነገር እርግጠኛ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሆርሞን ምርመራው ውጤት የታለ? ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን አለ። በቀን አንዴ ነው፣ ቢያንስ አምስት ዓመት ይዋጣል። ያንን ሳያውቁ ኬሞ ይኑር አይኑር ብሎ መጨቃጨቅ ድካም ነው። ሦስተኛ፣ ለአንዳንዱ ሰው ኬሞው ቀድሞ እብጠቱን ያሳንሰውና ቀዶ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይሆናል። ይህ ለእሷ ይሆን እንደሆነ ይጠየቅ አለች።

አራተኛው ላይ ነው የተሸማቀቅኩት። ከብብት ዕጢ ሲወጣ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ሊያብጥ ይችላል፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ። የባልትና ሴት ከሆነች ጆንያ ታነሳለች፣ ትወቅጣለች፣ ቀኑን ሙሉ ትመዝናለች። የምትሠራበት እጅ የትኛው ነው? ይህን ማንም ለሐኪሙ አልነገረውም። ከ20 ዓመት በላይ አብሬያት የኖርኩ እኔ አልነገርኩትም። ጓደኛዬ ግራኝ ናት። እብጠቱም በግራ ነው።

የነርሷ መዝጊያ ስለ ደብተር ነበር። ጥያቄዎቹን ታማሚዋ ራሷ ቤቷ ቁጭ ብላ ትጻፍ። ሐኪሙ ጋ ስትገባ አንድ ሰው ብቻ ይዛ ትግባ። የዚያ ሰው ሥራ መልሱን መጻፍ ነው፣ መናገር አይደለም። ሰው ሲደነግጥ ከሚነገረው ግማሹን አይሰማም፣ አስታማሚ የተፈለገው ለዚያ ለቀረው ግማሽ ነው።

6ኛው ለእኔ የተጻፈ ነው። ጥልቅ ባይ ነሽ፣ ሕመሟን ሳይቀር ቀምተሻታል የሚል መንፈስ አለው፣ ከዚህ ለዘብ አላለም። 7ኛዋ ተከላከለችልኝ። ሦስት ሌሊት ያልተኛ አስታማሚ ከአፉ ምን እንደሚወጣ አያውቅም፣ ሰውን በአንድ ቃል አትስቀሉት አለች። አመሰግናታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን 6ኛው ትክክል ነበር። አነጋገሩ ነው የጎረበጠኝ።

8ኛው ከአረርቲ ነው። ሚስቱ ኬሞ ጨርሳለች። በየ21 ቀኑ ነበር የምትወስደው፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ቀዩ መድኃኒት ነበሩ። ቀዩ መድኃኒት ሽንት እንደሚያቀላ ማንም አልነገራቸውም። ማታ ሽንቷ ቀልቶ ሲያዩት ደም መሰላቸው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጎረቤት ቀስቅሶ፣ ባጃጅ ለምኖ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ወሰዳት። ተረኛዋ ገና ከበሩ ዛሬ ኬሞ ወስዳለች ወይ ብላ ጠየቀች፣ የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን ነግራ መለሰቻቸው። ዛሬ ሲያወሩት ይሳሳቃሉ። የማይሳቅበት ሌላው ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ይንጋና እናያለን አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ሰውነት የሚከላከልበት ጉልበት በዚያ ሰሞን ወርዷልና። ቴርሞሜትር ግዙ አለን። ገዝተናል።

9ኛው የጊሽጣ ቅጠል አፍልታችሁ አጠጧት፣ ቢላዋ አያስፈልጋትም አለ። የአክስቱ ልጅ ጎረቤት ድናበታለች። 10ኛው የአክስት ልጅ ጎረቤትን የናሙና ወረቀት ማየት ፈለገ። 9ኛው ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለም። 11ኛዋ ነርሷ ናት፣ ተመልሳ መጣች። ሰው ምንም ቅጠል ቢጠጣ ለሐኪሙ ይንገር፣ ከመድኃኒቱ ጋር የማይስማማ ሊሆን ይችላል፤ ደብቆ መጠጣት ከቅጠሉ የባሰ ነው አለች።

ከ12 እስከ 17 ያለው ስለ ወንድሟ ነው። እዚህ ላይ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ውይይት፣ ሞቀ።

12ኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ከወንድሟ ጋር ቆሙ። በእኛ አገር ክፉ ወሬ እንዲህ ፊት ለፊት አይወረወርም፣ መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ከአጠገብ ቆሞ ነው የሚረዳው አሉ። 13ኛዋ ስማቸውንም ሳትጠራ አጭር መለሰችላቸው፦ መርዶ ለሞተ ሰው ነው፣ ይህች በሕይወት አለች። 14ኛዋ ግን ረጅም ጻፈች፣ እኔም ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እናቷ ካንሰር እንደያዛቸው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ እሳቸው ብቻ አያውቁም። ጨጓራ ነው ተብለዋል። ጨጓራ ነው ስለተባሉ በርበሬ ተዉ። አንድ ዓመት ሙሉ አልጫ በሉ። በርበሬ የሚወዱ ሴት ነበሩ። በመጨረሻው ሰሞን ይህን ሁሉ ጊዜ ተጠንቅቄ ለምን አልተሻለኝም እያሉ ልጆቻቸውን ይጠይቁ ነበር፣ ልጆቹ እየተነሱ ይወጣሉ። ልጅቷ እስካሁን የሚያንገበግባት መሞታቸው ሳይሆን ያ አልጫ ነው።

15ኛው መልስ የሽማግሌው ነው። ተመልሰው መጡ። ይደበቅ ማለቴ አይደለም፣ አነጋገሩን ነው ያልኩት፣ ሲነገራት ብቻዋን አትሁን ነው ያልኩት አሉ። እንደዚያ አላሉም ነበር። ግን ማንም አልተከራከራቸውም፣ ደግ አደረግን። 16ኛው ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ ነው፣ ዘልዬዋለሁ። 17ኛዋ ወንድምየው ምን ፈርቶ እንደሆነ ቁጭ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ ወይ አለች። አልነበረም። ማታውኑ ደወልኩለት። አባታቸው ሲሞቱ እሱ ነበር አልጋው ሥር። ሌላውን እዚህ አልጽፈውም።

18ኛው ዲያቆን ነው። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም አለ፣ ሐኪሙንም ጥበቡን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። እሱን የሚያናድደው ጸበል ቦታ እየዞሩ ክኒንሽን ጣይ የሚሉ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ካህናት አይደሉም። ጾሙንም አነሳ፣ ሁዳዴ ነውና። የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር፣ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙም ጾም አታከብድም አለ። 19ኛዋ ነርሷ እንደገና። ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስሉ ሳይደርቅ ጸበል አይግቡ። በኬሞ ጊዜ ደግሞ ነጭ የደም ሴል የሚወርድባቸው ቀናት አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተወሰደ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው። በእነዚያ ቀናት ያልፈላ ውኃ መጠጣት ያሰጋል፣ መረጨት ይበቃል። 20ኛዋ ተቆጣች። ጸበል በላብራቶሪ ሊመረመር ነው እንዴ? እሷ ጻድቃኔ ማርያም ሄዳ ልጇ ድኖላታል፣ ማንም እንዳይነካባት። 21ኛው ዲያቆኑ ነው፣ ሁለቱንም አበረደ፦ መረጨትም ጸበል ነው፣ እምነቱ በብርጭቆ አይለካም። በዚህ ክር ውስጥ አንድ ሰው ልሸልም ብባል እሱን ነበር የምሸልመው።

22ኛው ከአሜሪካ ነው። ባንኮክ ውሰዷት። ሁልጊዜ አንድ ሰው ባንኮክ ይላል። 23ኛው አንተ ትኬቱን ቁረጥ እኛ ሻንጣ እንሸክማለን አለው። ሰውየው ቅር ሳይለው ለጊዜው የሚሆን ብር ልልክ አለ። በኋላ በእውነት ልኳል። ሙድ የያዝንበት ሁላችን አፈርን።

24ኛዋ ወጪውን በምን እንደያዝነው ጠየቀች። 25ኛው የእኔ መልስ ነው። ዕቁብ አለን፣ 22 ሰው ነው፣ በየሳምንቱ ይጣላል። ጓደኛዬ ዕጣዋ አልወጣም ነበር። ሰብሳቢዋ ቆርቆሮዋን አንስታ ነቀነቀችና ዛሬ ዕጣ የለም አለች፣ ለእሷ ሰጠናት። አንዲት ሴት ብቻ አጉረመረመች። ልጇን ልትድር ሳምንት የቀራት ናት፣ አልፈረድኩባትም።

26ኛው ይህን አንብቦ እድር ላይ ዘመተ። የእድራችን ድንኳን አዲስ ነው፣ ድስቱ መቶ ሰው ያበላል፣ ወንበሩ ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው። ሰው እስኪሞት ግን አንድ ብር አይወጣም። ለሕክምና ይሰጥ ብሎ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ቢያነሳ ሟርተኛ ተብሏል። ሦስት ሰው ልክ ነህ አለው፣ አንዱ የእድሩ ጸሐፊ ሳይሆን አይቀርም ዝም አለ። 27ኛዋ ወደ ቁም ነገሩ መለሰችን። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ደብተር ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ይሂድ፣ ዘሎ ከሄደ ሽፋኑ ይጓደልበታል። ደብተሩ መታደሱን አስቀድማችሁ እዩ። የናሙናውን ውጤት ኮፒ አድርጋችሁ ዋናውን ቤት አስቀምጡ። የእሷን ዋናውን ወረቀት አንድ ቢሮ ውስጥ አጥፍተውባት ሁለት ወር ተንከራታለች። ማደሪያ ለሚቸግረው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ አለው፣ ጠይቁ አለች። በዚያው አያይዛ፣ በአገሩ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ እንደነበረ፣ አሁን ጅማና ሐረርም መጀመሩን ጻፈች። እኔ በየቀኑ ከደብረ ብርሃን መመላለስ አንችልም ስል ማረፊያ የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ያንን ሳላውቅ ነው እንግዲህ የወሰንኩላት።

28ኛው ሚኒባስ ሹፌር ነው። ከመናኸሪያ የሚወጣው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የፊት ወንበር ለእሷ እይዛለሁ፣ ከማታው ደውሉ፣ አመላለሱ ላይ የሚያስመልሳት ከሆነ አቆማለሁ፣ ተሳፋሪውን ለእኔ ተዉት አለ። ከዚህ መልስ ሥር ከየትኛውም የበለጠ ልብ ተደርድሯል።

ከ29 ጀምሮ ወጣንበት። 29ኛው ከመሐል ሜዳ ነው። ኬሞ ፀጉር ያረግፋል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ አክስቴ የመንዝ በግ ፀጉር ትፈትላለች፣ ኮፍያ ላሠራላት ወይ አለ። እንዴት ያለ ደግ ሰው። 30ኛዋ ከደብረ ሲና ሆና የመንዝ ሱፍ እንደ ኩርንችት ይዋጋል አለች። ፀጉር የረገፈበት ራስ ጨቅላ ሕፃን ማለት ነው፣ ሻሽ ይበቃታል። 31ኛው መንዜ ነው፣ መቼም ይህን ሰምቶ አይተኛም። ባና ለብሶ ያደገ ሰው ጉንፋን አያውቅም፣ ደብረ ሲና ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ሱፍ ማውራት ምን ይሉታል። 32ኛው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካን ብርድ ልብስ አንስቶ እሱም በዘመኑ ይኮሰኩስ ነበር አለ። ኮፍያው ከተረሳ ቆየ። 33ኛዋ ናት ያስታረቀችን፦ ከውጭ ሱፍ፣ ከውስጥ የነጠላ ገበር። ለካ ቀላል ነበር።

34ኛዋ ከሞላሌ ናት፣ ከርዕሱ ወጣ ብላ የማኅፀን በር ካንሰርን አነሳች። ከ30 ዓመት በላይ ያለን ሴቶች ጤና ጣቢያ ሄደን ቅድመ ምርመራውን እናድርግ፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. መሰጠት መጀመሩንም አስታወሰችን። እሷ ልጇን አስከትባለች፣ ራሷን ግን አላስመረመረችም። እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ ብዬ ልጽፍላት ነበር። ከዚያ እኔስ? አልኩ።

35ኛው አንድ መስመር ነው። ይቅርታ ጠይቀሻታል ወይ? አልመለስኩለትም። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩ።

36ኛዋ ራሷ ናት።

ስለዚህ ክር ሦስተኛው ቀን ላይ ነግሬያት ነበር። ሱቋ ውስጥ በደንበኛና በደንበኛ መሃል ስታነበው ከርማለች። ስትጽፍ መጀመሪያ ያደረገችው እኔን ማረም ነው። ጥቅምት ላይ ያገኘችው ነገር ባቄላ ሳይሆን አተር ነበር፣ ባቄላ የሆነው በጥር ነው፤ እህል የምትሸጥ ሴት ይህን አትስትም። ሸኖ ድረስ ዝም ያለችውም ተኳርፋኝ አልነበረም። ምርመራ ካለ ብላ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ሚኒባሱ ሆዷን አገለባብጦት ነበር። እንጂ ጥያቄዋን ላምበረት ላይ ልትጠይቀኝ ነበር።

ጻድቃኔ ማርያም ከእናቷ ጋር ትሄዳለች፣ ግን ቁስሉ ሲደርቅ። እናቷ ተስማምተዋል፣ እንዴት እንዳስማማቻቸው አልነገረችንም። ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት፣ ለወንድሟ የምትነግረውም እሷ ናት። ዕቁቡን በተራዋ ትከፍላለች። ለሸዋ ሮቢቷ ሴት ተልባው የተቆላ ነው ወይስ ጥሬ ብላ ጠየቀች፣ ነጋዴ ናት መቼም።

የትኛውን መንገድ እንደመረጠች እዚህ አልጻፈችም። ማክሰኞ ለሐኪሙ ትነግረዋለች። ደብተሯ ላይ 11 ጥያቄ አለ፣ የመጀመሪያው ስለ ግራ እጇ ነው። አብራት የምትገባው ያቺ ምንም የማትለው፣ ቡና የምታፈላው ጓደኛችን ናት፣ ጽሑፏ ያምራል። ሁለተኛዋ ላምበረት ትጠብቃቸዋለች።

እኔ ደግሞ ሱቅ እንድጠብቅ ተመደብኩ።

37ኛው መልስ የእኔ ነው፣ እሺ ብቻ ይላል። ሌላውን ማታ ቤቷ ሄጄ ነው ያልኩት። አላስጨረሰችኝም፣ የበሶውን ዋጋ ማስጠናት ጀመረች።

38ኛው የመሐል ሜዳው ሰውዬ ነው። አክስቱ ለኮፍያው የጓደኛዬን የጭንቅላት ልክ ትፈልጋለች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ይህን የምጽፈው ከባልትና ሱቁ ባንኮኒ ኋላ ነው። ሹፌሩ ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ በር አንኳኳ፣ ፊት ወንበር ላይ ጋቢ አንጥፎ ነበር። አሁን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ እስካሁን አልደወሉም። ሁለት ኪሎ ሽሮና አራት ኪሎ በሶ ሸጫለሁ። አንዱን በሶ ሳላውቅ አርክሼ ሰጥቻለሁ፣ ስትመለስ ትነግሩብኝና ወዮላችሁ። የጭንቅላቷን ልክ ለመውሰድ የልብስ ሰፊ ሜትር ከጎረቤት ተውሼ ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጫለሁ።

ደንበኛ ገባ። ቆዩኝ።